«ተልኳል» ያልኩት ፖስታ

ይህን ታሪክ ባልደረቦቼ ግማሹን ያውቁታል። አንድ ዓርብ ቀን ፖስታ ታቅፌ አዲስ አበባ ድረስ መሄዴን፣ መናኸሪያ ላይ የሆነውንም ደጋግሜ አውርቼላቸዋለሁ። መጀመሪያውኑ ለምን መሄድ እንዳስፈለገኝ ግን ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጡረታዬ እየቀረበ ሲመጣ ያ ያልተነገረው ግማሽ ከበደኝና ሙሉውን ልጻፈው አልኩ። ፍረዱብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ በኋላ ይሁን።

ጊዜው ሚሌኒየሙን ልናከብር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረን ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ስድስቱን ነጭ ጋውን ለብሼ አሳልፌያለሁ። ታቦር ሰፈር ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ጠዋት ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ዳገቱን ጨርሼ ቤት ስገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበርኩም። ሰነፍም አልነበርኩም። ደክሞኝ ነበር፣ በቃ።

በዚያን ጊዜ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ያለባት እናት ስትወልድ፣ ልጇን ይዞት እንደሆነ እንደ አዋቂ እዚያው መርምረን መናገር አንችልም ነበር። የእናትየው ደም ምልክት በሕፃኑ ውስጥ ብዙ ወራት ስለሚቆይ ምርመራውን ያሳስታል። ስለዚህ ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሆነው ተረከዙን ወጋ እናደርግና ደሙን ወፍራም ካርድ ላይ እናንጠባጥባለን። ካርዱ ሲደርቅ፣ እርጥበት ከሚመጥ ትንሽ ከረጢት ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ በፖስታ ቤት በኩል አዲስ አበባ ይላካል። ማሽኑ ያለው እዚያ ነበር። ውጤቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለእናቶቹ «በወሩ ተመለሺ» እንላቸዋለን።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። ካርዶቹ አሥር ሳይሞሉ ፖስታው አይላክም። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ነርስ እንዲህ ታደርግ ነበር፣ እኔም አደረግሁ። ለአንዲት ካርድ ብሎ መሸኛ ደብዳቤ ማስፈረም፣ ማኅተም ያዡን ፍለጋ መንከራተት፣ ፖስታ ቤት ተሰልፎ መቆም ማን ይችላል? አሥሩን ባንዴ መገላገል ይሻላል። አሥር እስኪሞላ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ወር ይፈጃል። ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ሰው እስኪሞላ ጠብቃችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ተሳፋሪዎች ገና አፍ ያልፈቱ መሆናቸው ነው።

ሙኒራ ወደ ክፍሌ የመጣችው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። መናኸሪያው በር ላይ ለመንገደኛ ውሃና ብስኩት የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። የስልጤ ልጅ ናት፤ ቀጠን ረዘም ያለች፣ ሻርፗን ስታስተካክል እንኳ የምትቸኩል ሴት። ባሏ በዚያው በሽታ ልጁን ሳያይ አርፏል። የተወለደችው ልጅ ኢክራም ትባላለች። የኢክራም ካርድ ፖስታው ውስጥ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። አንድ ብቻ ቀረኝ ብዬ ደስ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ የሱፐርቪዥን ቡድን እንደሚመጣ ተነገረን። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ «የተላከበት ቀን» የሚል ቦታ አለ፤ ዘጠኝ ባዶ ቦታ ካዩ ዘጠኝ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ዘጠኙም ላይ «ተልኳል» ብዬ የዕለቱን ቀን ጻፍኩባቸው። ነገ ቡድኑ ሲሄድ፣ ባይሞላም እልከዋለሁ ብዬ ነው። ውሸት አልመሰለኝም፤ አንድ ቀን ብቻ የቀደመ እውነት መሰለኝ። ቡድኑ መጣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ክፍላችን ቀለም ሊቀባ ነው ተባለና ጠረጴዛዎቹ በጥድፊያ ወደ ኮሪደር ወጡ። ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ሠራን። ወደ ክፍላችን ስንመለስ አሥረኛው ሕፃን መጣ፤ እኔም አዲስ ፖስታ ከፈትኩለት። መዝገቡ የፊተኛው ሄዷል ይላላ!

በወሩ ሙኒራ ልጇን አዝላ መጣች።

«ሲስተር፣ የልጄ ነገር?»

መዝገቡን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «ተልኳል» ይላል።

«ከአዲስ አበባ አልመጣም። እነሱ ጋ ሥራ ይበዛል። በሁለት ሳምንት ነይ።»

በሁለት ሳምንቱ መጣች። ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመርኩላት። እንደገና መጣች፣ እንደገና ጨመርኩላት። በአራተኛው ጊዜ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሲስተር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲወጣ ሲገባ ነው የማየው። ከዚህ ወጥቶ ይኸን ያህል የቀረ አላየሁም። መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

ተቆጣኋት። «የመንግሥት ፖስታ ነው፤ የቲማቲም ሣጥን መሰለሽ?» አልኳት። አግዳሚው ላይ የነበሩት እናቶች ሳቁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

መስከረም ሲጋመስ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጤና መኮንናችን ራሱ ወደ ክፍሌ መጣ። ሙኒራን ከልጇ ጋር አይቶ ወደ ቤት ከሸኛት በኋላ ነው። ኢክራም አምስት ወሯ ነው፤ ክብደቷ የሦስት ወር ልጅ አያህልም፤ አፏ ውስጥ ነጭ ቁስል ወጥቶ መጥባት እምቢ ብላለች።

«ሲስተር ማርታ፣ የዚህች ልጅ ውጤት የታለ?»

«ከአዲስ አበባ አልመጣም።»

«መድኃኒቱን በግምት አልጀምርላትም። ሆስፒታል ብልካትም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱኑ ነው። ደውይላቸው። እንዳየኋት ከሆነ ሌላ ወር የላትም።»

ስልኩ ያለው ኃላፊው ቢሮ ነበር። መስመር እስኪገኝ አሥር ሰዓት ሆነ። ያነሳችው ሴት ቁጥሩን ተቀብላኝ ብዙ ከፈለገች በኋላ፣ «በዚህ ቁጥር የገባ ናሙና የለም» አለችኝ።

«እንዴት የለም? ግንቦት ነው የላክነው! እናንተ ናችሁ የጣላችሁት!»

«እሺ እህቴ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ቁጥር ንገሪኝና ልከታተለው።»

አሁን አሳይሻለሁ ብዬ ወደ ክፍሌ ገሰገስኩ። ደረሰኞቹን የምሰካበት ሽቦ ላይ የግንቦት የለም። መዝገቡ መሃል የለም። የላይኛው መሳቢያ ውስጥ የለም። የታችኛው መሳቢያ ክፍሉ ቀለም ከተቀባ ወዲህ እስከ መጨረሻው አልገባ ብሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ በእግሬ እየገፋሁ ነበር የምዘጋው። ሳብኩና ሙሉ በሙሉ ነቀልኩት። ከኋላው ፖስታው ተጣጥፎ ተወትፏል። ጥጉ ላይ የግድግዳው ቀለም ጠብ ብሎበታል። ያን ሁሉ ወር በየቀኑ በጫማዬ ስገፋው የኖርኩት እሱን ነው።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሠራተኛው እየወጣ ነበር፤ አንዷ «ማርታ፣ አትሄጂም?» ስትለኝ «ሂዱ፣ እመጣለሁ» አልኩ። ፖስታውን ከፈትኩት። ዘጠኝ ካርድ፣ ዘጠኝ ስም። እርጥበት አለመኖሩን የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት ሮዝ ሆኗል፤ ሙሉውን ክረምት እዚያ ውስጥ አሳልፎ ምን ሊሆን ኖሯል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ያልጠረጠርኩት ግን የራሴን እጅ ጽሑፍ ነው።

ተመልሼ ደወልኩ። ያችው ሴት አነሳች። «ነገ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጃችን የገባ ቅዳሜ ማሽን ላይ ይወጣል፣ ሰኞ ውጤቱ ይደርሳል» አለችኝ። «ካለፈስ?» አልኳት። «የሚቀጥለው ዙር ነው። የቀድሞው ካርድ እርጥበት ከገባበት ደግሞ አዲስ ደም ውሰጂ።» አመሰገንኳት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ያን ዕለት የሙኒራ ሱቅ ተዘግቶ ነበር፤ ቤቷን አላውቀውም። ዓርብ ጠዋት ገና ሱቋን ስትከፍት ደረስኩባት።

«ልጅቷን ይዘሽ ተከተይኝ። እንደገና ደም መውሰድ አለብን።»

«ምነው? የፊተኛው ምን ሆነ?»

«እርጥበት ገባበት።»

እውነት ነው። ከዚህ የባሰ ውሸት ግን በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ሰዓት ላይ የኢክራምን ተረከዝ ወጋሁ። ልጅቷ አቅም አጥታ እንደ ልጅ እንኳ አላለቀሰችም፤ አቃሰተች ብቻ። ደሙ በግድ ወጣ። ካርዱን መደርደሪያው ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ካርዱ በደንብ ሳይደርቅ ከታሸገ ይበላሻል፤ እስኪደርቅ ደግሞ አራት ሰዓት ይፈልጋል።

«ፀሐይ ላይ ብናወጣውስ?» አለች ሙኒራ።

«ፀሐይ ይገድለዋል።»

«እፍ ብንለውስ?»

«አይነካም፣ ሙኒራ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ፊት ለፊት ተቀምጠን ደም ሲደርቅ አየን። ከቀዩ ወደ ቡናማ የሚለወጠው ከዳር ወደ መሃል ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼ ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ልንገራት አልኩ፣ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰዓቴን አይቼ ዘጋሁት። ፈራኋት። ብትነሳና ብትሄድስ? ካርዱን ቀዳ ብትጥልስ? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ እንጂ የፈራሁት ዓይኗን ነው።

አምስት ሰዓት ሲሆን አሸግኩት። አሮጌውንም ፖስታ ያዝኩ፤ ላዩ ላይ ከኢክራም ሌላ የስምንት ሕፃናት ስም ተዘርዝሯል። ለኃላፊው አልነገርኩትም፤ ብነግረው ደብዳቤ ይጻፍ ይል ነበር። ሙኒራ ልጇን አዝላ ከእኔ እኩል እየሮጠች መናኸሪያ ደረስን።

አውቶቡሶቹ ማለዳ ወጥተዋል። የነበረው አንድ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ነው፤ ውስጡ አምስት ሰው ተቀምጧል። ስገባ ቦርሳዬ በሩ ላይ ተያዘብኝና ሁለቱን ፖስታዎች «እስቲ ያዥልኝ» ብዬ ለሙኒራ አቀበልኳት። ቦርሳዬን አላቅቄ ስቀበላት እንደ መቆየት አለች። ከዚያ ሰጠችኝና ወደ ተራ አስከባሪው ሄደች።

ተራ አስከባሪው ጋሽ በራሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው በትር አይጠፋም።

«ጋሽ በራሳ፣ ይሄን መኪና ያስወጡልኝ።»

«ልጄ፣ አምስት ሰው እኮ ነው ያለው። ይሙላ እንጂ።»

«ሕመምተኛ አለበት።»

ያኔ በዚያ መናኸሪያ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ወግ ነበር። ምጥ የያዛት ወይም የታመመ ሰው ከተሳፈረ መኪናው ሳይሞላ ይወጣል፤ ሾፌሩ የጎደለውን መንገድ ላይ እየጫነ ይሄዳል። ጋሽ በራሳ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩ።

«የታለ ሕመምተኛው?»

ሙኒራ ጭኔ ላይ ወዳለው ፖስታ ጠቆመች። «እሱ ነው።»

ሽማግሌው ፖስታውን አዩ። የእኔን ነጭ ጋውን አዩ። ሙኒራ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለውን ትንሽ ራስ አዩ። ባሏ ሲሞት ድንኳን ተቀምጠው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ቀና ብለው የመኪናውን ጣሪያ በበትራቸው መቱት።

«ውጣ! ሕመምተኛ አለበት!»

ከፊቴ የተቀመጠ ነጋዴ፣ «የት አለና ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ከኋላ አንዲት ባልቴት፣ «አንተ ምን አገባህ? አለ ከተባለ አለ» አሉት። መኪናው ወጣ።

ሻሸመኔ ሦስት ሰው ጫንን፣ ዝዋይ ሁለት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። ባልቴቷ፣ ሾፌሩ፣ ባለ በትሩ ሽማግሌ፣ ማንበብ መጻፋቸውን እንኳ የማላውቀው ሰዎች፣ ሕመምተኛ ካለ መሙላት እንደማይጠበቅ ያውቃሉ። እኔ የተማርኩት ነኝ አሥር እስኪሞላ የምጠብቀው። የእኔ ተሳፋሪዎች ደግሞ ሁሉም ሕመምተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሞጆ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ቆምን። አቃቂ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ቃሊቲ ወርጄ ታክሲ ያዝኩ። ማሽኑ ያለበት ግቢ በር ላይ ስደርስ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ተረካቢው መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። አዲሱን ካርድ ሰጠሁት፣ ፈረመልኝ። አሮጌውን ሳወጣ ገለበጠና አየው።

«ይሄ ደግሞ ግንቦት ነው እኮ የሚለው። የት ቆይቶ ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የሰማው ስሙን የማላውቀው ሰው ነው።

«እንሞክራቸዋለን» ብሎ አስገባቸው።

ቅዳሜና እሑድን አክስቴ ቤት ተኛሁ፤ ተኛሁ ማለት ከተቻለ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹን ሰጡኝ። ኢክራም ቫይረሱ በደሟ አለ። ከስምንቱ ስድስቱ ነጻ ናቸው። ሁለቱ ካርዶች ተበላሽተው አልተነበቡም፤ ደም እንደገና መወሰድ አለበት።

ያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ሐዋሳ ወረድኩ። ሙኒራ ከሱቋ ወጥታ ልጇን አቅፋ ቆማለች።

«አለባት» አልኳት። «ግን መድኃኒቱ ነገ ጠዋት ይጀመራል።»

የውሃ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እኔም እዚያው ቆሜ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ጀመርኩ።

«ሙኒራ፣ አዲስ አበባ አይደለም የዘገየው። እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ።»

ደነገጥኩ።

«ዓርብ ዕለት ፖስታዎቹን ስትሰጪኝ የልጄን ስም ሁለቱም ላይ አየሁት። አንዱ ግንቦት ይላል። የፖስታ ቤት ማኅተም የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መኪናው ቆሞ ነበራ! እዚያ ብጣላሽ ማን ይወስድልኛል? መጀመሪያ ይውጣ አልኩ።» ተነሳች። «አሁን ግን ደርሰሽ ተመልሰሻል።»

ከዚያ ጮኸችብኝ። በመናኸሪያው መሃል፣ ሻርፗ ከራሷ ላይ እየተንሸራተተ፣ «አራት ጊዜ መጣሁ! አራት ጊዜ! የቲማቲም ሣጥን አልሽኝ! ሰው አሳቅሽብኝ!» እያለች ጮኸችብኝ። ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ በራሳ በትራቸውን ይዘው «በቃ፣ በቃ ልጄ» እያሉ ሊገላግሉ መጡ። «ይተዉኝ፣ ይገባታል!» አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ እኔም እንዲተዉአት ነበር የፈለግሁት። ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ሲደክማት ኢክራምን አንስታ እቅፌ ውስጥ አደረገችና ሻርፗን ማስተካከል ጀመረች። ልጅቷ ምንም አትከብድም ነበር።

ኢክራም ዳነች ልበላችሁ? በሕይወት አለች። መድኃኒቷን ስትወስድ አደገች፣ ተማረች፤ ዛሬ አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ ከዚያ ክረምት ጀምሮ ሲመግል ኖሮ ነው። ያን ክረምት ምን ያህሉን እኔ እንደወሰድኩባት ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ሐኪምም ጠይቄ ነበር። ሙኒራ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፣ ሱቋ ስሄድም ወንበር ትሰጠኛለች። ይቅር ብዬሻለሁ ግን ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ጋ መዝገብ አለ። ባዶ ቦታውን ለመሙላት እጃችሁ ሲቸኩል አንድ ጊዜ ቆም በሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እኔ ካርድ ደርቆ አንድ ቀን አሳድሬ አላውቅም። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ፣ «ሲስተር፣ ዛሬም አንዲት ብቻ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ደረሰኙ እጄ ሳይገባ «ተልኳል» ብዬ አልጻፍኩም። ዛሬ ሐዋሳም ማሽኑ አላት፤ ወጣቶቹ ነርሶች ግን አሁንም «ትንሽ ይጠራቀምና እንላክ» ይላሉ። «ሕመምተኛ አለበት፣ ይውጣ» እላቸዋለሁ። አባባሌ ያስቃቸዋል።

ከሁለቱ ያልተነበቡ ካርዶች የአንደኛውን እናት በሳምንቱ አገኘኋት፤ ልጇ ነጻ ነበር። የሁለተኛው ወንድ ልጅ ነው፣ ዳዊት ይላል፤ አድራሻው ላይ የተጻፈው «ታቦር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብቻ ነው። የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ የትኛው ወፍጮ ቤት እንደሆነ እናቱን አልጠየቅኳትም ነበር። በታቦር ካሉት ወፍጮ ቤቶች ጀርባ ያልጠየቅሁት ቤት የለም። ዛሬም ከሥራ ወጥቼ ዳገቱን ስወጣ፣ የእሱን ዕድሜ የሚያክል ጎረምሳ ሲያልፈኝ ዞር ብዬ አየዋለሁ። አንዳንዶቹ የማውቃቸው መስሏቸው ሰላም ይሉኛል።